ሃ እና ሻ

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለት ፊደላት ነው፤ ስለ «ሃ» እና ስለ «ሻ»። «እወድሃለሁ» እና «እወድሻለሁ» የሚሉትን ቃላት የሚለያያቸው ከዚህ በላይ ነገር የለም። ውድ አንባቢዬ በዚህ ገጽ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ መሬትና ስለ ታሰሩ ጋዜጠኞች ሲያነቡ ኖረዋልና «ዛሬ ደግሞ ሰዋስው ጀመረን?» ብለው ቢገረሙ አልፈርድም። ነገር ግን በዕድሜዬ ከፈጸምኳቸው ፖለቲካዊ ድርጊቶች ሁሉ የሚከብደው፣ አንዲቱን ፊደል በሌላዋ የተካሁበት ሌሊት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ፍርስራሽ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ፣ እንደ ብዙ የከተማው ሰው እኔም ሄጄ ቆሜ አየሁ። በወጣትነታችን ግጥም የምናነብባት፣ ስድስት ጠረጴዛ የማትሞላ ቡና ቤት የነበረችበትን ቦታ ለመለየት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ አሮጌ ካርቶን ስበረብር ሠላሳ ሁለት ገጽ ያላት፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛች የግጥም ጥራዝ አገኘሁ። በ2001 ዓ.ም. እኛው ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተን ያወጣናት ናት። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ የወዳጄ ግጥም አለ። ስሙን አልጽፍም፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 ስም ይወዳል። ግጥሙ በስሙ ታተመ እንጂ የእሱ አይደለም። ወይም ግማሹ የእሱ አይደለም።

ከሥሩ ልጀምር።

ሁለታችንም የጌጫ ልጆች ነን። ጌጫን የማያውቁ አንባቢዎች ይኖራሉ፤ ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የሸካ ዞን አንድራቻ ወረዳ መቀመጫ ናት። ቆላው የቴፒ ነው፤ ቡናውም በብዛት እዚያ ነው። የእኛ ወገን ደጋ ነው፤ እንሰት፣ ቀርከሃ፣ ማርና ዝናብ። ዝናቡን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እዚህ ዝናብ ክረምት ላይ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ እዚያ ግን የቤቱ ባለቤት ነው፣ እኛ ነን እንግዶቹ። ደኑ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በልጅነታችን ግን የምናውቀው፣ ሽማግሌዎች ሥርዓት የሚፈጽሙበትና ዛፍ የማይቆረጥበት ቦታ መኖሩን፣ በግንዶቹም አናት ላይ የአባቶቻችን ቀፎዎች መሰቀላቸውን ነው።

አፍ የፈታንበት ሸኪኖኖ ነው። በሸኪኖኖ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው «ኔ» ትለዋለህ። ወንድ ቢሆን «ኔ»፤ ሴት ብትሆን «ኔ»። አማርኛ የጀመርነው ትምህርት ቤት ገብተን ነው፤ የመጀመሪያው ግራ መጋባታችንም ይኸው ነበር፤ ሰውን ከማናገራችን በፊት ወንድና ሴት ብለን መለየት አለብን። ወዳጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መምህራችንን (ሴት ነበሩ፣ ከጎሬ የመጡ) «አንተ» ብሎ ተገርፏል። ስድብ መስሏቸው ነው። እሱ ግን ገና ልዩነቱ አልያዘለትም ነበር። ኋላ ላይ ይህን ሲያስታውስ «ያን ቀን ነው አማርኛ ያስፈራኝ» ይለኝ ነበር። እንዳይመስልዎ፤ የፈራውን ቋንቋ እንደ እሱ የወደደ ሰው አላየሁም። ፍቅር እስከ መቃብርን ማሻ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ሦስት ጊዜ ጨርሶታል፤ ሦስተኛው ላይ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ስለነበር ከቃሉ ነበር የሚጨርስልን።

ከጌጫ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ ስለሚያስፈልገኝ። በአገራችን ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። ጥንት አዳኞች ነበሩ፤ እንጨትና ከሰል እየሸጡ ይኖራሉ፤ ከሌላው ሰው ጋር አይጋቡም፣ በአንድ ገበታ አይቀርቡም ነበር። ዛሬ ብዙ ተሻሽሏል ይባላል፤ ይሁን። በልጅነቴ እናቴ ከሰል ላመጣ የማንጆ ሽማግሌ ቡና ስትሰጥ ሲኒ አታነሳም። ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ፣ አጥፋ፣ በደጅ ነበር የምትቀዳለት። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ቡናውን እኮ አልከለከለችውም፤ ሲኒውን ነው የከለከለችው። ወዳጄ አንድ ቀን፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እኛ ደጅ ቆሞ ይህን አየና «እኔም በቅጠል እፈልጋለሁ» አለ። እናቴ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ተቆጣች።

በ1999 ዓ.ም. ሁለታችንም ስድስት ኪሎ ገባን። ከጌጫ አዲስ አበባ ሁለት ቀን ነበር፤ ጅማ አድረን፣ በማግስቱ አመሻሽ ላይ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ስንወርድ ወዳጄ ጫማው ላይ የጌጫ ጭቃ ነበር፤ ሆን ብሎ አላራገፈውም። ወቅቱን ታስታውሱታላችሁ። የ1997ቱ ምርጫ ቁስል አልጠገገም፤ የቅንጅት መሪዎች እስር ላይ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ሁሉም ሰው ዝም ብሏል፤ ዝም ያላለው ግጥም ብቻ ነው። አዲሱ ሚሊኒየም ሊገባ ነው ተብሎ ከተማው ባለቀለም አምፖል ይንጠለጠልበታል፤ እኛ ደግሞ አንድ ማኪያቶ ለሁለት እየተካፈልን ግጥም እንጽፋለን።

ያች የባለቅኔዎች ከተማ በከፊል ተረት እንደነበረች አሁን አውቃለሁ። እኛ የደረስነው ውቤ በረሃ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር መጻሕፍት ውስጥ ብቻ በቀረበት ዘመን ነው። ስብሐት ግን ነበረ፤ በሕይወት፣ በኮፍያው፣ በዙሪያው ከማይጠፉት ወጣቶች ጋር። እስከ የካቲት 2004 ዓ.ም. ድረስ ነበረ። የሌሊቱን ከተማ ራቁቷን የጻፈ ሰው በመሀከላችን መኖሩ ብቻ ነፃነት ይመስለን ነበር። ቶሞካ ቆመን ስንጠጣ ወዳጄ ሲኒውን ወደ ብርሃን ያነሳና «ይሄ የአጎቴ ላብ ነው፤ ሒሳቡን ግን እኔ ነኝ የምከፍለው» ይላል። መጽሐፍ ከብሔራዊ ቴአትር ጎን ካሉ አዟሪዎች እንከራያለን። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ብሎ በግጥም የጠየቀው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው እያልን እንኮራለን። የሰሎሞን ዴሬሳን «ልጅነት» (በ1963 ዓ.ም. የወጣውን) በፎቶ ኮፒ አግኝተን፣ ወለጋ ጩታ የተወለደ ልጅ የአማርኛን ግጥም ቤት መምታት ካስቀየረ፣ ከጌጫ የመጣ ልጅ ምን ይሳነዋል ብለን እንፎክራለን። እፎክራለሁ ማለቴ ነው፤ ወዳጄ አይፎክርም፤ ይጽፋል።

በዚያን ጊዜ የሚጽፋቸው የፍቅር ግጥሞች ሁሉ በ«እርስዎ» ነበሩ። «እርስዎ ቢመጡ»፣ «እርስዎ የሌሉበት ሰፈር»። ሁላችንም እንስቅ ነበር፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ፍቅረኛውን እንደ ደጃዝማች ሚስት ያከብራል። ገራሚው ግን አድማጩ የሰጠው ፍቺ ነው። የኢትዮጵያ አድማጭ ሰም ሲሰጡት ወርቅ ሳይፈልግ አያድርም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ወርቁ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ፖለቲካ። ወዳጄ በአንዲት ግጥሙ «እርስዎ ያሉበት ግድግዳ» የሚል ነገር ነበረው፤ ስለ አንድ ዶርም ግድግዳ ነው። ቃሊቲ ላሉት መሪዎች የተጻፈ ነው ተብሎ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሁለት ሰዎች በማግስቱ «ራስህን ጠብቅ» ሲሉ መከሩት። እሱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። «አየህ፣» አለኝ፣ «በዚህ አገር ለፖለቲካ ብታሰር ጀግና እሆናለሁ።» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም።

(በነገራችን ላይ አንባቢዬን «እርስዎ» እያልኩ የምጽፈው ለአክብሮት ብቻ አይደለም። ማን እንደሚያነበኝ አላውቅም፤ አማርኛ ደግሞ ለማያውቁት ሰው የተወላት ብቸኛ መሸሸጊያ እርስዋ ናት። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው።)

የነገረኝ በራምቦ በኩል ነው። ሐረር የራምቦ ቤት የሚባለውን ቤተ መዘክር ያላየ በሥዕል ያውቀዋል፤ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ውብ የእንጨት ቤት ነው፤ ገጣሚው ራሱ አልኖረበትም ይባላል። አርተር ራምቦ በ1854 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ገጠር ከተማ ተወለደ። በ1871 እ.ኤ.አ.፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ግጥሙን ይዞ ፓሪስ ገባ፤ የተቀበለው ገጣሚው ፖል ቬርሌን ነው። ሁለቱ ተዋደዱ። ቬርሌን ሚስቱንና ልጁን ትቶ ከልጁ ጋር በብራሰልስና በለንደን ተንከራተተ፤ በ1873 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ብራሰልስ ላይ ሰክሮ በሽጉጥ አንጓው ላይ አቆሰለው፤ ሁለት ዓመት ተፈርዶበትም ታሰረ። ፖሊስ ምርመራውን በጥይቱ አላቆመም፤ ሐኪም አስመጥቶ የቬርሌንን ገላ አስመረመረ። ራምቦ ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ። በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐረር ደረሰ፤ ምን ሊሠራ? ቡና ሊገዛ። በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ። በ1891 እ.ኤ.አ. በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ማርሴይ ሞተ።

ይህን ታሪክ ወዳጄ የነገረኝ አንድ ሌሊት ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ ዳገቱን በእግር ስንወጣ ነው። ሲጨርስ «አየህ፣ መንግሥታችን ለአንድ እንደ እኔ ያለ ሰው ቤተ መዘክር ከፍቷል፤ ከነቡናው» አለ። እንደ እኔ ያለ፣ አለ። ገጣሚ ማለቱ ነው ብዬ አለፍኩ። ጥቂት እንደሄድን ግን ቆመና በሸኪኖኖ ደገመልኝ፤ በአማርኛ ሊሸሸግ የሚችለውን በሸኪኖኖ ግልጽ አድርጎ። በዚያ ሌሊት ያደረግሁት ነገር ምንም አይደለም። ምንም አላልኩም፤ አልሰደብኩትም፣ አልሸሸሁም፣ እስከ ዶርም አብሬው ሄድኩ። ለዓመታት በዚህ እኮራ ነበር።

የብርጭቆውን ነገር ግን ልናገር። አንድ ክፍል ስድስት ሆነን ነበር የምንኖረው፤ እኔና እሱ በአንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ነበር ሻይ የምንጠጣ፤ ከጌጫ ጀምሮ እንደዚያው ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ በሳምንቱ እኔ ሌላ ኩባያ ገዛሁ። «የድሮዋ ተሰነጠቀች» አልኩ። አልተሰነጠቀችም ነበር። ወዳጄ አዲሷን ኩባያ አየት አደረገና፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ለምን ገንዘብ አወጣህ፤ የእንሰት ቅጠል ብትቆርጥልኝ ይበቃኝ ነበር» አለኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ልቀጥል።

በ2001 ዓ.ም. ጥራዟን ለማውጣት ተነሳን። መተየቡ የእኔ ድርሻ ነበር፤ ከቡድናችን ፓወር ግዕዝ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ወዳጄ የሰጠኝ ግጥም በእጅ የተጻፈ፣ ከደብተር የተገነጠለ አንድ ወረቀት ነው። ሳነበው «እርስዎ» የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ብሎ ጽፏል። «ትመጣለህ»፣ «እጠብቅሃለሁ»፣ «እወድሃለሁ»። ከራስጌው ማንም ሴት ናት ተናጋሪዋ እንዳይል «የጌጫው ልጅ» ብሎ አርእስት ሰጥቶታል።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። በዚያው ወር የየሃይማኖቱ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በሕገ መንግሥቱ እንዲከለከል የሚጠይቅ የአቋም መግለጫ አውጥተዋል። ልብ ይበሉ፣ የወንጀል ሕጉ አስቀድሞም ከልክሎታል፤ የ1949 ዓ.ም. ሕግ ከልክሎት ነበር፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ ደገመው፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ሆኖ፣ ከባድ በሚባሉ ሁኔታዎች እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። የሚገርመው የሃይማኖት ተቋማት በሌላ በምን ተስማምተው ያውቃሉ የሚለው ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ። ጋዜጣውን ያነበብኩት የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ጋ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ ከጎኔ ነው። በጥራዟ ላይ የአሥራ አንዳችን ስም አለ።

ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ሰዋስዋዊ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ወንድ ጓደኛውን በቁልምጫ «አንቺ» ይላል፤ እናቶችም ሴት ልጃቸውን «አንተ፣ ልጄ» ይላሉ። እንግዲህ የአማርኛ ጾታ ሲፈልግ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ እኔ ብለውጠው ምን አለበት? እንዲያውም ሸኪኖኖ አፉን የፈታ ልጅ ነው፤ ተሳስቶ ይሆናል፤ ሁለተኛ ክፍል ተሳስቶ የለ? እንዲህ አሰብኩ። እንዲህ እያሰብኩ እንኳ እንደምዋሽ አውቅ ነበር።

ሥራው ቀላል ነበር፤ ይህ ነው የሚያስፈራው። «ትመጣለህ»ን «ትመጫለሽ» አልኩት፤ የቀለሙ ቁጥር እኩል ነው፣ ዜማው እንኳ አልተቃወመኝም። «ሃ»ን እየፈለግሁ «ሻ» ማድረግ። አንድ ቦታ ብቻ ግጥሙ እምቢ አለኝ። ስንኙ «አልክ» ብሎ ያበቃል፤ ተከታዩ «መልክ» ብሎ ቤት ይመታል። «አልክ» «አልሽ» ሲሆን «መልክ» ብቻውን ቀረ። ሲጋራ አጨስኩ፤ ያኔ አጨስ ነበር። ከዚያ «መልክ» የሚለውን አጥፍቼ ስንኙን «ቃልሽ» ብሎ እንዲያበቃ አድርጌ ጻፍኩት። ቤት መታ። ፊት የነበረው ሰው ድምፅ ብቻ ሆኖ ቀረ። ወረቀቱን፣ ማንም እንዳያገኘው፣ ቀድጄ ጣልኩት። ለእሱ ደኅንነት ስል ነው አልኩ።

የምረቃው ምሽት ያች ስድስት ጠረጴዛ የማትሞላ ቡና ቤት ከአፍ እስከ ገደፏ ሞላች። ወዳጄ ተራው ደርሶ ተነሳ፤ ግጥሙን በቃሉ ይችለዋል፤ ግን ጥራዟን ገለጠ፤ ምናልባት በሕትመት ስሙን ለማየት ጓጉቶ ይሆናል። አርእስቱን አነበበ። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ዓይኑ ሲቆም አየሁ። ለሦስት ወይም ለአራት ሰከንድ ዝም አለ፤ ታዳሚው አቀራረብ መሰለው። ከዚያ እንደተጻፈው አነበበው። በ«ሻ» አነበበው። «ቃልሽ» ላይ ሲደርስ ወደ እኔ አላየም። ጭብጨባው ቀለጠ፤ «ይቺ ጌጫ የቀረች ልጅ ማናት?» ብለው ሴቶቹ ሲያሾፉበት አብሮ ሳቀ። ከዚያ በላይ አብሮ የሳቀበት ቀን አላውቅም።

ዳገቱን በእግር ስንወጣ አልተነጋገርንም። የዩኒቨርሲቲው በር ጋ ስንደርስ፣ በአማርኛ፣ «መልኩን የት አደረግኸው?» አለኝ። ቀደድኩት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እኮ ታስሬ እንኳ ቢሆን በ‹ሃ› ልታሰር ፈልጌ ነበር» አለና ገባ።

ከዚያ በኋላ ግጥም በአደባባይ አላነበበም። የራስ ሆቴሉ ግጥም በጃዝ ሲጀመርና ያ ትውልድ መድረክ ሲያገኝ እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ተመርቆ አስተማረ፤ የት እንደሆነ አልጠቅስም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ አነበበው። በሦስት ቀን ውስጥ ሥራውን፣ በሳምንት ውስጥ የተከራየባትን ክፍል አጣ። አንድ ማታ ቤቴ መጣ፤ አግብቼ ነበር፤ ልጃችን ገና አርባ ቀኗ ነው። በር ላይ አነጋገርኩት። ሦስት ሺህ ብር ሰጠሁት። ፍራሽ አልሰጠሁትም። «ቅጠል አለህ?» ብሎ ይቀልድብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቀለደም። በሞያሌ በኩል ናይሮቢ መግባቱን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት የሆነውን ያስታውሱ። ይህ ወንጀል ምሕረትና ይቅርታ ከማያሰጡት ጋር እንዲመደብ የሚል ረቂቅ ወጥቶ፣ ለሚያዝያ 18 የተቃውሞ ሰልፍ ተጠርቶ ነበር፤ ሁለቱም በመንግሥት ውሳኔ ቀሩ። ሚያዝያ 17 እና 18 ደግሞ ስድስቱ የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። እኔ በዚያ ሳምንት ስለ ጦማርያኑ አራት ጽሑፍ ጻፍኩ፤ በአንዱም አላፍርም። ስለ ሰልፉ ግን አንዲት መስመር የለኝም። ሰልፉ ቀረ እኮ፤ ምን ይጻፋል? ደግሞ ገዢው ፓርቲ ለአንዴ እንኳ ከእኔ የተሻለ መስሎ እንዲታይ አልፈለግሁም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እወስዳለሁ ሲል፣ በቲክቶክ የሰዎች ፎቶ ከነስማቸው ሲዘዋወር፣ ያኔም አልጻፍኩም። ተጠየቅሁ ግን። አንድ ወጣት አንባቢ «እርስዎ ስለ ሁሉም ይጽፋሉ፤ ስለዚህስ?» ብሎ፣ ወይም ብላ፣ ላከልኝ። አልመለስኩም። አንዳንዶቻችሁ ይህን አንብባችሁ ገጹን እንደምትዘጉ አውቃለሁ፤ እምነታችሁንም አልንቅም፤ እኔም በዚያው እምነት ነው ያደግሁት። የምጽፈው ግን ስለ እናንተ እምነት ሳይሆን ስለ እኔ ኩባያ ነው።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. እናቴን ልጠይቅ ጌጫ ወረድኩ። ጥራዟን ይዣት ነበር። የእሱን ቁጥር ከአንድ የጋራ ዘመድ አግኝቼ ነበር፤ አሁን በአንድ ቀዝቃዛ የአውሮፓ ከተማ ይኖራል፤ በሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ለሦስት ቀን ስልኩን ባነሳም ባስቀምጥም፣ በአራተኛው ቀን ደወልኩ። አልተቆጣም። ሰላምታው በሸኪኖኖ ነበር፤ «ኔ» ሲለኝ ስንት ዓመት እንዳልሰማሁት ያኔ ተሰማኝ። ዶሮ ማነቂያ መፍረሱን በቪዲዮ አይቷል። ጥራዟ እጄ ላይ እንዳለች ነገርኩት፤ ዋናው ወረቀት አለህ ወይ፣ ግልባጭ አስቀርተህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የለውም። በቃሉም አይዘውም። «አንዴ በ‹ሻ› ካነበብኩት በኋላ የድሮው ጠፋብኝ» አለኝ። ስለዚህ በዓለም ላይ ያለው ቅጂ የእኔ ብቻ ነው።

አብረን ልንመልሰው ሞከርን። እኔ ከጥራዟ እያነበብኩ፣ እሱ እያረመኝ፣ በእርሳስ «ሻ»ን እየሰረዝኩ «ሃ» ጻፍኩ። «ትመጣለህ» ተመለሰ። «እጠብቅሃለሁ» ተመለሰ። ከ«አልክ» ላይ ደረስን፤ «አልክ» ተመለሰ። ቀጥሎ «መልክ» ነው፤ እሱን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከ«መልክ» በፊት የነበረው ግን ጠፋ። ሰባት ወይም ስምንት ቀለም ይሆናል። የማን መልክ፣ ምን ያደረገ መልክ፣ የት የታየ መልክ፤ አንድ ሁለት ነገር ሞከርን፤ ቤት ይመታል፤ ግን እሱ «አይደለም፤ እሱ አይደለም» አለኝ። እናቴ ቡና ይዛ ገባች፤ ማን እንደሆነ ስነግራት ደስ ብሏት ሲኒውን ወደ ስልኩ ከፍ አደረገች፣ እንደሚያያት ሁሉ።

ዝም ተባባልን። ቆርቆሮው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ከዚያ እንደ ጌጫ ልማድ በአንዴ ወረደው።

«ዝናብ ነው?» አለኝ።

«ዝናብ ነው።»

«አትናገር እስኪ፤ ዝም በል» አለኝ። ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞርኩለት።